የሙዚቃ ዲግሪ ለድምፅ ቀረጻ ስቱዲዮ ሙያ ያለው ፋይዳ፦ የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐ ቤቴን ደጋ መነሻ ያደረገ አጭር ጥናት

አሕጽሮት

ይህ ጥናት የሙዚቃ ዲግሪ የድምፅ ቀረጻ ስቱዲዮ ሙያን ለመጀመር ምን ያህል እንደሚጠቅም ይመረምራል። ለዚህም በኢትዮጵያ የቀረጻ ታሪክ ስማቸው የታወቀ ባለሙያዎችን የትምህርት መነሻ ያነጻጽራል፤ የስቱዲዮውንም ሥራ በየክፍሉ ተንትኖ፣ ውጤቱን በሰሜን ሸዋ ደጋ ካለው ሁኔታ ጋር ያገናዝባል። ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ ዲግሪው የስቱዲዮን በር የሚከፍት ቁልፍ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ወደ ውስጥ የገባው ሰው የሚሰማውን የሚወስን የጆሮ ሥልጠና መሆኑን ያመለክታል። ይህ ሥልጠና የአካባቢውን ቅኝት ካላካተተ ሊያሳስት እንደሚችል፣ የክፍል አኮስቲክስ፣ የቀረጻ ቴክኒክና የቅጂ መብት ዕውቀት ካልተጨመረበትም ሙሉ እንደማይሆን ተመልክቷል።

1. መግቢያ

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አጠናቆ ወደ ሙዚቃ ቀረጻ ሥራ የሚያዘነብል ወጣት ሁለት መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዓመታት መማር ነው። ሁለተኛው ለትምህርቱ የሚወጣውን ገንዘብ ለኮምፒውተር፣ ለማይክሮፎን፣ ለድምፅ ካርድና ለማዳመጫ አውሎ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሥራ መጀመር ነው። ኑሮው በገብስና በበግ እርባታ ላይ ለተመሠረተ ቤተሰብ ሁለቱም ቀላል ወጪዎች አይደሉም። የተሳሳተ ምርጫ የአንድን ወጣት ዓመታት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብን ጥሪትም ይበላል።

ጉዳዩ ከግለሰቡም ያልፋል። የደጋው ዘፈን፣ የአዝማሪው ግጥምና የማሲንቆው ድምፅ ለትውልድ የሚተላለፈው ቀራጩ በሰማውና ባስቀረው መጠን ነው። በቀረጻ ጊዜ የተዛባ ዜማ ከተሰራጨ በኋላ የሚሰማው ሁሉ ትክክለኛው እርሱ ይመስለዋል። ስለዚህ «ቀራጩ ምን ተምሯል?» የሚለው ጥያቄ የባህል ጥበቃም ጥያቄ ነው።

2. የጥናቱ ዘዴና ወሰን

ጥናቱ በታተሙ ሥራዎች፣ በሸክላና በካሴት ዘመን ታሪክ፣ እንዲሁም በሕግ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ንጽጽራዊ ጥናት ነው። ለንጽጽር የተመረጡት ባለሙያዎች ሥራቸውና የትምህርት መነሻቸው በአደባባይ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስማቸው የሚነሳው የተሳካላቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ «እገሌ ያለ ዲግሪ ተሳክቶለታል፤ ስለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም» ወይም «እገሌ ተምሮ ተሳክቶለታል፤ ስለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል» ብሎ መደምደም አይቻልም። ከእያንዳንዱ ታሪክ መውሰድ የሚቻለው ትምህርቱ በየትኛው የሥራ ክፍል እንዳገለገለ ብቻ ነው።

3. ያለ ዲግሪ የተከፈተው በር

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ሲጀምር በአገሪቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ይዘውት የሄዱት ዕውቀት ከማሲንቆውና ከግጥሙ ባህል የተገኘ ነበር። የመቅጃው ዕውቀት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። ዘፋኙና ቀራጩ ተለያይተው የቆሙበት ይህ ሁኔታ ለረጅም ዘመን ቀጥሏል።

በሁለተኛው ምዕራፍ የሚነሱት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። አምሃ የሙዚቃ ምሩቅ አልነበሩም፤ የሙዚቃ መደብር ባለቤት ነበሩ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ ይህን ክልከላ ተዳፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሠረቱ፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም የአለማየሁ እሸቴ ነበር። ለዚህ ያበቃቸው የገበያ ዕውቀት፣ የአድማጭን ስሜት የማንበብ ችሎታና ድፍረት ነው። እነዚህን የትኛውም የኖታ ትምህርት አይሰጥም።

ይሁን እንጂ አምሃ ያሳተሟቸው ሥራዎች ከሥልጠና ውጭ የተፈጠሩ አልነበሩም። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች የተገሩ ነበሩ፤ አለማየሁም የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበሩ። በእነዚህ ክፍሎችና በቲያትር ቤቶች ኖታ ማንበብ፣ በጋራ መጫወትና መቃኘት በሥርዓት ይሰጥ ነበር። ነርሲስ ናልባንዲያን የመሰሉ የአርመን ተወላጅ መምህራንም በዚህ ረገድ ትልቅ አሻራ ትተዋል። በሌላ በኩል ግርማ በየነ ፒያኖን ራሳቸውን አስተምረው ከዘመኑ ተፈላጊ አቀናባሪዎች አንዱ ለመሆን በቅተዋል።

ከዚህ የምንረዳው ነጥብ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን የዲግሪ ወረቀት አልነበረም፤ ሥልጠና ግን ነበረ። የስቱዲዮውን በር የከፈተው ነጋዴው ነው፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ ለሥራው ጥራት የሰጠው ደግሞ በሌላ ቦታ የተገራ ጆሮና እጅ ነው።

4. በትምህርት ቤት ያለፉ ባለሙያዎች

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሸናፊ ከበደ (ዶ/ር) የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው የመሩት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ሲሆን የምዕራባውያንን መሣሪያዎች ከማሲንቆ፣ ከክራር፣ ከበገናና ከዋሽንት ጋር አጣምሮ ያስተምራል። የትምህርቱ ዋና ግብ ተጫዋችና መምህር ማፍራት ነው፤ ቀራጭ ማፍራት አይደለም። ያም ሆኖ ከዚህ ትምህርት ቤት ወደ ስቱዲዮ የተሻገሩ አሉ።

ለዚህ ጥናት ጥያቄ እጅግ የሚቀርበው የኤልያስ መልካ ታሪክ ነው። መስከረም 2012 ዓ.ም. ያረፉት ኤልያስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምረዋል፤ በኋላም በገና ስቱዲዮን አቋቁመው የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» አልበም ጨምሮ በርካታ ሥራዎችን አቀናብረዋል። ኤልያስን ታዋቂ ያደረጋቸው ግን የቼሎ ተጫዋችነታቸው አልነበረም። ከአንድ የሕብረት መሣሪያ የተገኘው ትምህርት፣ ማለትም ድምፅን ከድምፅ ጋር ማዛመድ፣ የመካከለኛውን ድምፅ ቦታ ማወቅ፣ ለዘፋኙ ስፍራ መተው፣ በቅንብር ሥራቸው ውስጥ አገልግሏል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። በመጨረሻ ዘመናቸው ከሌሎች ሙያተኞች ጋር አውታር የተሰኘውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ መመሥረታቸው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የካሴትና የሲዲ ገበያ ሲዳከም የባለሙያው ዕጣ የሚወሰነው በቅንብሩ ጥራት ብቻ ሳይሆን ሥራው በሚሸጥበት መንገድም ጭምር ነው።

ሙላቱ አስታጥቄም በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ በኋላም በቦስተን በርክሊ ተምረዋል። በትምህርት ያገኙትን የጃዝ ሐርመኒ ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝን ቀምረዋል፤ የተወሰኑ ሥራዎቻቸውም በአምሃ ሪከርድስ ታትመዋል። ዲግሪ የሌለው አሳታሚና በትምህርት የበለጸገ አቀናባሪ በአንድ ሸክላ ላይ መገናኘታቸው፣ ስቱዲዮ የአንድ ሰው ሙያ ሳይሆን የበርካታ ሙያዎች መገናኛ መሆኑን ያሳያል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጠቀሱት ዓለሙ አጋ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊን ነው፤ በገናን የተማሩት ከመምህር እግር ሥር ሆነው ነው። ሆኖም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን አስተምረዋል፤ ድምፃቸውም በዓለም አቀፍ አሳታሚዎች ተቀርጿል። የዕውቀት ምንጭና የዲግሪ ስም ሁልጊዜ እንደማይገጥሙ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

5. የስቱዲዮ ሥራ በየክፍሉ

ዲግሪው የሚጠቅምበትን ቦታ ለመለየት ሥራውን በአራት መክፈል ይቻላል።

5.1 ጆሮና ቅኝት፦ የሙዚቃ ትምህርት ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው፤ በማሲንቆና በጉሮሮ ሲወጡ ግን ድምፆቹ በፒያኖው ልክ አይቀመጡም። ኪቦርድ አንድን ኦክታቭ ለ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፍላል፤ እያንዳንዱም 100 ሴንት ነው። አዝማሪው ግን ማሲንቆውን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ነው፤ ጣቱም በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ግማሽ ድምፆች መካከል ያርፋል። የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም በግማሽ ድምፅ ደረጃ ተስተካክሎ ከተከፈተ፣ ይህን ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ድምፅ ይስበዋል። ውጤቱ «የጸዳ» ይመስላል፤ አንቺሆዬው ግን ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ዲግሪው ሁለት ስለት አለው። ፒያኖን ብቻ ይዞ የተማረ ሰው ያልሠለጠነ ጆሮ ካለው ሰው ይልቅ የአዝማሪውን ድምፅ «ከቅኝት የወጣ» ብሎ ለመፍረድ ሊፈጥን ይችላል። የአገር መሣሪያንም አብሮ የተማረ ግን ኪቦርዱን ወደ ማሲንቆው ያመጣል እንጂ ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ አይጎትትም። በአንዳንድ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ከፍና ዝቅ የማድረግ አማራጭ መኖሩን ማወቅና መቼ እንደሚያስፈልግ መለየት የዚህ ጆሮ ፍሬ ነው።

5.2 ቅንብርና ኖታ፦ ከካሴት ዘመን ወዲህ፣ በተለይ ሲንተሳይዘር የነፋስ መሣሪያዎችን ቦታ ከያዘ በኋላ፣ አቀናባሪና ቀራጭ በአብዛኛው አንድ ሰው ሆነዋል። ስለዚህ ቤዙ ከከበሮው ጋር እንዴት እንደሚሄድ፣ ማሲንቆው ዘፋኙን መቼ እንደሚከተልና መቼ እንደሚመልስ የሚያውቅ ሰው ጊዜ ይቆጥባል። ኖታ የሚያነቡ ተጫዋቾች በሚቀጠሩበት ሥራ ኖታ መጻፍ በቀጥታ ገንዘብ ነው። በአዝማሪ ቀረጻ ግን ማስታወስና ቶሎ ምላሽ መስጠት ከኖታ ይበልጣል።

5.3 ድምፅና ክፍል፦ በሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳው ይህ ክፍል ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 3.43 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ሲጓዝ፣ የመጀመሪያው የክፍሉ ንዝረት በ50 ኸርዝ አካባቢ ይፈጠራል፤ ፍጥነቱን ለርዝመቱ እጥፍ በማካፈል ይገኛል። በዚህ ድግግሞሽ ላይ የሚወድቅ የቤዝ ወይም የከበሮ ድምፅ በግድግዳው አጠገብ ይገዝፋል፤ በክፍሉ መሐል ይከሳል። ይህን የማያውቅ ቀራጭ መሐል ላይ ተቀምጦ ቤዝ ይጨምራል፤ ሥራው በሌላ ቦታ ሲሰማ ይጮኻል። ስለ ማይክሮፎን ዓይነት፣ ለኮንደንሰር ማይክሮፎን ስለሚያስፈልገው 48 ቮልት፣ በሲዲ ስለሚሠራበት 44,100 እና በቪዲዮ ስለሚሠራበት 48,000 የናሙና መጠን ማወቅም ከዚሁ ይመደባል። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የሚገኘው በስቱዲዮ ውስጥ ከባለሙያ ጎን ተቀምጦ በመሥራት ነው።

5.4 ሕግና ገበያ፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለደራሲ፣ ለከዋኝና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅ የተለያዩ መብቶችን ይሰጣል። አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሆኖ ሲጻፍ፣ ሲቀረጽ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። የዚህ ድንጋጌ ትርጉም ለደጋው አዝማሪ ከባድ ነው። በሠርግ ቤት አፈልቆ የዘፈነው ግጥም በአየር ላይ ይቀራል፤ ያው ግጥም የሕግ ጥበቃ የሚያገኘው በስቱዲዮ ውስጥ በተቀረጸባት ቅጽበት ነው። ቀራጩ የግጥሙን ባለቤት ስም ካልመዘገበና የክፍያውን ስምምነት በጽሑፍ ካላደረገ፣ መብቱ በተወለደበት ቤት ውስጥ ባለቤቱን ያጣል። ይህን ኃላፊነት የማያስተምር ሥልጠና፣ በዲግሪ ይሁን በልምድ፣ ጎደሎ ነው።

6. የደጋው ልዩ ሁኔታ

እስካሁን የተባለው ለየትኛውም አካባቢ ይሠራል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ አገር ግን ለዚህ ሙያ የራሱን ሁኔታ ያቀርባል።

መጀመሪያ የቤቱን ሁኔታ እንመልከት። የመንዝ ባህላዊ ቤት በድንጋይ ግድግዳና በሣር ክዳን ይታወቃል። ድንጋይ ድምፅን ይመልሳል፤ ክብ ግድግዳ ደግሞ የመለሰውን ወደ መሐል ይሰበስባል። ስለዚህ በክብ ቤት መሐል ማይክሮፎን ማቆም አይመከርም። የጓሳ ሣር ክዳን ግን ድምፅን ይውጣል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸርም ዝናብና በረዶ ሲጥል እጅግ ጸጥተኛ ነው። ከአካባቢው በግ ጠጉር የሚሠራው ባና ሌላ ሀብት ነው። ጠጉር ድምፅን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይይዛል፤ ባናው ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ሲሰቀል በተለይ ከ850 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ማስተጋባት በሚገባ ይቀንሳል። የ50 ኸርዙን ችግር ግን አይፈታም፤ እርሱ የሚቀልለው የክፍሉን መጠንና የማዳመጫውን ቦታ በመምረጥ ነው። ከውጭ በውድ የሚገዛ ስፖንጅ ሳይኖር በአካባቢው ሽመና ጥሩ ክፍል ማዘጋጀት እንደሚቻል ይህ ያሳያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ፊዚክስ እንጂ የሙዚቃ ዲግሪ አይደለም።

ሁለተኛው ብርድና እርጥበት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የመንዝ አምባ የማሲንቆ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይላላል፤ ሲሞቅ ይወጠራል። ጧት የተቀረጸ ዘፈን ከሰዓት በኋላ ከተቀረጸው ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ቀራጩ በየቀረጻው መካከል ቅኝቱን መፈተሽ፣ መሣሪያውንም ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ አየሩን እንዲለምድ ማድረግ አለበት። ይህን ልዩነት ቀድሞ የሚሰማው የተገራ ጆሮ ነው፤ መፍትሔውን የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ራሱ አዝማሪው ነው።

ሦስተኛው የዜማ ቤት ነው። በደጋው አብያተ ክርስቲያናት የሚሰጠው የዜማ ትምህርት ከቅዱስ ያሬድ የተወረሱትን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ያስተምራል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጀውን የምልክት ሥርዓትም ይጠቀማል። ድጓና ጾመ ድጓ ያጠና ተማሪ ለዓመታት የሠለጠነ ጆሮና ጽኑ የማስታወስ ኃይል አለው። ትንሽ የዜማ ለውጥ ከመምህሩ ተግሣጽ እንደማያመልጥ ያውቃል። የሙዚቃ ዲግሪ በጆሮ ረገድ ሊሰጥ ከሚፈልገው ውስጥ ብዙውን ይህ ተማሪ አስቀድሞ ይዞታል፤ የጎደለው የመሣሪያውና የአኮስቲክሱ ዕውቀት ነው። ሆኖም በሥራ ገበያ «የሙዚቃ ትምህርት አለህ ወይ?» ሲባል ይህን የሚቆጥርለት የለም።

7. ማጠቃለያና አስተያየት

የሙዚቃ ዲግሪ የስቱዲዮ ሙያ ለመጀመር ይጠቅማል ወይ? ከላይ የቀረበው ንጽጽር የሚሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው። ሥራ ለማግኘትና ስቱዲዮ ለመክፈት ዲግሪው ግዴታ አይደለም፤ ደንበኛ የሚመጣው የተሠራ ሥራ ሰምቶ እንጂ ወረቀት አይቶ አይደለም። የሥራውን ጥራት በሚመለከት ግን ሥልጠና ግዴታ ነው፤ ከትምህርት ቤት፣ ከሠራዊት የሙዚቃ ክፍል፣ ከአዝማሪ ቤት ወይም ከዜማ ቤት ሊገኝ ይችላል። ያልሠለጠነ ጆሮ ጥሩ መሣሪያ ቢገዛም ጥፋቱን በጥራት ይቀርጻል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት አስተያየቶች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ተጫዋች፣ አቀናባሪ ወይም መምህር የመሆን ሐሳብ ያለው ወጣት ዲግሪውን ቢከታተል ይጠቀማል፤ የአገር መሣሪያንም አብሮ መያዝ አለበት። ፍላጎቱ ቀረጻ ብቻ የሆነ ወጣት ግን ጥሪቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ በመሣሪያ ላይ ከማፍሰሱ በፊት፣ በሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ በረዳትነት መቀመጡ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ወጣቶች ቅርብ ነው። የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍና የሕግ መምህራን በጋራ የሚሰጡት አጭር የቀረጻ ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ በክፍል 5 የታየውን ጉድለት ያለ አዲስ የዲግሪ መርሐ ግብር ሊሞላ ይችላል። ሥልጠናው የዜማ ቤት ተማሪዎችንና አዝማሪዎችን በተማሪነትም በአስተማሪነትም ቢያሳትፍ ፍሬው የላቀ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ቀራጭ ከማይክሮፎኑ ጎን አንድ መዝገብ ሊኖረው ይገባል፦ የዘፋኙ ስም፣ የግጥሙ ባለቤት፣ ቅኝቱ፣ ቦታው፣ ቀኑና የክፍያው ስምምነት። ይህ ዲግሪም ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ከአንድ ትውልድ በኋላ የመንዝን ወይም የመርሐ ቤቴን ዘፈን የሚያጠና ተመራማሪም፣ የአባቱን ድርሻ የሚጠይቅ የአዝማሪ ልጅም መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህን መዝገብ ነው።